ጥላችን ሲያጥር

ሚስ ቆፍጠን ቀናተኛ መሆኗ ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው ጉዳይ ነበር። የማታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። "እኔ? በማን ብዬ?" ትልና ትስቃለች፤ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነው፣ እሱንም ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ስሟን ያወጡላት የመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆች ናቸው። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆማ "ቆፍጠን በሉ! ቦርሳ በጀርባ፣ መሀረብ በኪስ!" እያለች ስለምትቀበላቸው ሚስ ቆፍጠን ሆና ቀረች። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት ነውና፣ እያደር ወላጆቹም፣ ዳይሬክተሯም፣ ልብስ ሰፊው ባሏም ሳይቀር በዚሁ ይጠሯት ጀመር። አልከፋትም። ልጅ ፈራ ሲል ይማራል እንጂ እየተንከተከተ አይማርም የሚል እምነት ነበራት፤ ስሙም የእምነቷ ማረጋገጫ መሰላት።

ታዲያ ዘንድሮ ከግድግዳው ማዶ ሚስ ፍልቅልቅ መጣች።

ግድግዳ ሲባል ግድግዳ እንዳይመስላችሁ። የ"ሀ" ክፍልንና የ"ለ" ክፍልን የሚለየው አንድ ስስ ችፑድ ነው፤ ወዲያ ማዶ ያስነጠሰ ልጅ ወዲህ "ይማርህ" ይባላል። ሚስ ቆፍጠን በ"ሀ" ክፍል ሆና "እጅ ወደ ኋላ፣ ጣት አፍ ላይ" ስትል ከማዶ ሳቅ ይፈነዳል። መጀመሪያ የሚስ ፍልቅልቅ ሳቅ ይመጣል፤ ከዚያ የልጆቹ፤ ከዚያ ደግሞ ምን እንዳሳቀ ሳያውቁ የ"ሀ" ክፍል ልጆች ጣታቸውን አፋቸው ላይ እንዳደረጉ ይፍነከነካሉ። ሴትዮዋ ገና ከማሠልጠኛ የወጣች ልጅ እግር ናት። ስትስቅ ዕንባዋ ይመጣል፤ ልጆች እግሯ ሥር ይተራመሳሉ፤ ስም ያወጡላት በመጣች በሳምንቷ ነው። ሚስ ቆፍጠን የራሷን ስም ለማግኘት ዓመት ሙሉ በር ላይ ቆማለች።

ይሄ ሁሉ በተቻለ። ያልተቻለው የሚጣ ነገር ነው።

ሚጣ የሚስ ቆፍጠን አንድ ልጇ ናት፤ ዘንድሮ አምስት ዓመት ሞላት። የምትማረው በዚሁ ግቢ ቢሆንም በ"ለ" ክፍል ነው፤ የአስተማሪ ልጅ በወላጁ ክፍል አይማርም የሚል ደንብ አለ። ደንቡን በስብሰባ ላይ ያመጣችው ማን እንደሆነች መጠየቅ አያስፈልግም። ያኔ ሚጣ አልተወለደችም ነበር፤ አንዲት ባልደረባዋ ወንድ ልጇን ከፊት አስቀምጣ ስታሞላቅቀው ማየት አቅቷት ነው። በገዛ አፏ ያመጣችው ደንብ ይኸው ልጇን ከእቅፏ አውጥቶ ለሌላ ሴት አስረከበባት።

ማታ እራት ላይ ሚጣ ከማንኪያዋ በፊት አፏን ትከፍታለች።

"እማዬ፣ ጨረቃ መብራት እንደሌላት ታውቂያለሽ? ከፀሐይ ተውሳ ነው። ሚስ ነች የነገረችን።"

"እኔ ነግሬሽ አልነበረም እንዴ? በረንዳው ላይ ቁጭ ብለን?"

"አንቺማ 'ጨረቃ ወጥታለች፣ ዝም ብለሽ ተኚ' ነው ያልሽኝ።"

ባልየው ሳቁን በዳቦ አፈነው። "ማን ነገራት ብለሽ ምን ያደርግልሻል? ዋናው ማወቋ ነው" አለ።

ለእሱ ዋናው ማወቋ ነው። ለሚስ ቆፍጠን ግን ዋናው ማን የሚለው ነበር። ጨረቃ ተበዳሪ ናት የሚለውን ትምህርት ያ ግቢ ከተከፈተ ጀምሮ ስታስተምር የኖረችው እሷ ናት፤ ሚስ ፍልቅልቅ ያን ጊዜ እራሷ ጣቷን የምትጠባ ልጅ ነበረች። አሁን ግን ጨረቃም፣ ፀሐይም፣ ሻማም የሚስ ፍልቅልቅ ሆነው ቁጭ አሉ። ሾርባውን ሳትጨርስ ተነሣች።

በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ፀጉር ስትሠራት ነገሩ ባሰ።

"እንደ ሚስ አድርገሽ ሥሪኝ" አለች ሚጣ።

"እንደ ሚስ ማለት እንዴት ነው?"

"ሁለት ቦታ። እንደ ጆሮ።"

ሚስ ቆፍጠን ማበጠሪያውን ከሚገባው በላይ ጠበቅ አደረገችው።

"ኧረ አመመኝ!"

"ቻይው፣ ቁንጅና እንደዚህ ነው።"

"ሚስ ስትሠራኝ አያመኝም።"

የሚስ ቆፍጠን እጅ አየር ላይ ቀረ። ለካ በየእረፍቱ እሷ ቤት ጎንጉና የላከችው ፀጉር እየተፈታ በሌላ እጅ ይሠራል! ከሰዓት ልጇን ስትረከብ ፀጉሩ የተለወጠው በጨዋታ ተበታትኖ ነው ብላ ስታልፈው ከርማለች። እንደ ጆሮ ሁለት ቦታ ሠራችላት፤ አንደኛው ጆሮ ከሌላው ከፍ ብሎ ወጣ፤ እንዳለ ተወችው።

የዚያ ሳምንት ትምህርት በሁለቱም ክፍል አንድ ነበር፦ የብርሃን ምንጮች፣ ከዚያም ራስን ከፀሐይ መጠበቅ። ዓርብ ከምሳ በፊት ወላጆች መጥተው ያያሉ። ሚስ ቆፍጠን በፕላስቲክ የተለበጠውን የድሮ ሥዕሏን ከመሳቢያ አወጣች፤ ፀሐይ፣ እሳት፣ ሻማ፣ አምፖል፣ የእጅ ባትሪ። በበትር ትነካለች፣ ልጆቹ ይጮኻሉ። "ፀሐይን ትኩር ብለን እናያለን?" "አናይም!" "ለምን?" "ዓይን ይጎዳል!" ትምህርት ማለት ለሷ ይሄ ነው፤ ለዘመናት ሠርቷል።

ከማዶ ግን ብርድ ልብስ መስኮት ላይ ሲሰቀል፣ ልጆች "ጨለመ! ጨለመ!" ብለው ሲንጫጩ ይሰማል። ጸጥታ ይሆናል፤ ቀጥሎ አንዲት ባትሪ ብልጭ ትልና ክፍሉ በእልልታ ይናወጣል። የ"ሀ" ክፍል ልጆች አንገታቸው ወደ ችፑዱ ዞረ። ከፊት ያለው ድቡልቡል ልጅ እጁን አወጣ።

"ሚስ፣ እኛስ መቼ ነው የምንጨልመው?"

"ቆፍጠን በል!" አለችው። ልጁ ቆፍጠን አለ፤ ዓይኑ ግን ከችፑዱ አልተነሣም።

ረቡዕ በእረፍት ሰዓት ሚስ ፍልቅልቅ ሻይ ወደሚጠጣባት ትንሽ ክፍል ብቅ አለች። ጣቶቿ በጠመኔ ነጭ ሆነዋል፤ ጠዋት ልጆቹን ግቢ አውጥታ ጥላቸውን ሲሚንቶው ላይ ስታስምር ነው የቆየችው።

"እትዬ፣ ደቂቃ ካልዎት አንድ ነገር ይዩልኝ።"

እትዬ! በአንድ ቃል አሥር ዓመት ጫነችባት።

"ለዓርብ ነው። ፀሐይ ስትበረታ ጥላችን ያጥር የለ? እሱን ምልክት አድርገው እንዲይዙት ብዬ መዝሙር ሠራሁላቸው።" እያጨበጨበች ዘመረችው።

*ጥላዬ ሲረዝም እጫወታለሁ፣*
*ጥላዬ ሲያጥር ጥላ ውስጥ እገባለሁ!*

"የጎደለ ነገር ካለ ይንገሩኝ፤ እርስዎ ልምድ አለዎት። እኔ የመጀመሪያዬ ነው፣ ፈርቻለሁ።"

ሚስ ቆፍጠን የጎደለው ወዲያው ታያት። መዝሙሩ ሳያልቅ ታያት። አማርኛችን በቃል አይታማም፤ እዚህ ላይ ግን ሰስቷል። በእጅ የሚያዘው ጥላ ነው፤ የዛፉም ጥላ ነው፤ እግር ሥር ተለጥፎ የሚከተለው ጥቁሩም ጥላ ነው። ትልቅ ሰው የቱ እንደሆነ ከነገሩ ይገባዋል፤ የአምስት ዓመት ልጅ ግን የነገሩትን ነው የሚይዘው። እሷ ራሷ ሥራ በጀመረች ሰሞን "ፀሐይ ስትበረታ ጥላ ውስጥ ግቡ" ብላ አንዷ ሕፃን የራሷን ጥላ ስታሳድድ፣ ልትገባበት ስትዘል፣ እኩለ ቀን ላይ ነስሯት አበሳዋን አይታለች። ከዚያ ወዲህ "ዛፍ ሥር፣ ጣሪያ ሥር" ትላለች እንጂ ጥላ የምትባል ቃል ለልጅ አትናገርም። ይሄ በመጽሐፍ የለም፤ የወደቀበት ብቻ ነው የሚያውቀው።

ልትናገር አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ የልጅቱ ፀጉር ታያት፤ ሁለት ቦታ፣ እንደ ጆሮ።

"ምን ይወጣለታል!" አለች። "ግሩም ነው። እንዳለ አቅርቢው።"

"እውነት? እግዜር ይስጥልኝ እትዬ!" ብላ ጉንጯን ሳመቻት፤ በጠመኔ እጇ ትከሻዋን አነጣችውና እየዘለለች ሄደች።

ሚስ ቆፍጠን ትከሻዋን አራገፈች። ምን አጠፋሁ? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ልጅ ያቦካው ለእራት እንደማይበቃ ወላጅ ፊት ይታይ፤ ትማርበት፤ እኔስ ማን አስተማረኝ? እንዲህ እንዲህ እያለች ከራሷ ጋር ተስማማች። ዓርብ ዕለት የ"ለ" ክፍል ልጆች ግቢው መሀል ጥላቸውን ሲያሳድዱ፣ ወላጅ ሲስቅ፣ ያቺም ለአንድ ቀን ሳቋ ሲጠፋ ታያት። ሻዩ ጣፈጣት።

ሐሙስ ማታ ባሏ ከጠረጴዛው ጫፍ ቁጭ ብሎ ቁልፍ ይተክላል፤ እሷ ሳህን ታጥባለች። ሚጣ መሀረብ ራሷ ላይ እንደ ባርኔጣ ደፍታ መሀል ላይ ቆመች።

"እማዬ፣ ነይ ነገ የምናሳየውን ላሳይሽ። አምፖሉ ፀሐይ ነው፣ እሺ?"

ግድግዳው ጋ ስትቆም ጥላዋ ረዥም ሆነ፤ እየዘፈነች ዘለለች። ከዚያ አምፖሉ ሥር መጥታ ቆመች፤ ጥላዋ እግሯ ሥር ተጠቅልሎ ትንሽ ሆነ።

"አጠረ! ስለዚህ ጥላ ውስጥ እገባለሁ።" ቁጢጥ አለች። ጉልበቷን አቀፈች፣ አገጯን ደረቷ ውስጥ ቀበረች፣ እግሮቿን ወደ ውስጥ ሰበሰበች። ከዚያች ጥቁር ክብ ምንም ነገሯ እንዳይወጣ እየተጠነቀቀች፣ ድምፅዋ በጉልበቷ መሀል ታፍኖ መጣ። "ገባሁ? እማዬ፣ ሁሉም ገብቷል?"

ሚስ ቆፍጠን እጇ ላይ አረፋ እንደያዘ ቆመች። ይኸውና። ያሰበችው ስሕተት በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ልጇ። አሁን "አይ የኔ እናት፣ ይሄ ሌላ ጥላ ነው፤ ዛፉ ሥር ነው የሚኬደው" ብትላት ነገሩ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። ግን ሚጣ አፏን አትይዝም፤ ነገ በጠዋት ለሚስዋ ትነግራለች፤ ያቺም ታርመዋለች፤ ዓርብም የሷ ቀን ይሆናል። ደግሞም ልጆቹ ሁሉ ናቸው የሚሳሳቱት፤ ሚጣ ከሃያ ልጅ አንዷ ናት፤ በመንጋ መሀል ማን ያያታል?

"ልክ ነኝ?" አለች ሚጣ፤ አንገቷን ቀና አድርጋ።

"ልክ ነሽ። ጎበዝ።"

ባልየው ከመርፌው ቀና አለ። "ኧረ ጥላ ማለት እኮ…"

"አንተ ቁልፍህን ትከል!"

ቁልፉን ተከለ። ሚጣ እናቷን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ሳመቻትና ልትተኛ ሄደች።

ዓርብ ወላጆች በረንዳው ላይ በልጆች ወንበር ተኮራምተው ተቀመጡ። ዳይሬክተሯ ከፊት ናት። የ"ሀ" ክፍል ቀደመ። ሚስ ቆፍጠን በበትሯ ሥዕሉን ስትነካ ልጆቿ እንደ ሰልፈኛ አንድ ላይ መለሱ። "ጨረቃስ የብርሃን ምንጭ ናት?" "አይደለችም!" "መስተዋትስ?" "አይደለም!" ድቡልቡሉ ልጅ ብቻ "መስተዋት" ሲባል ለእናቱ እጁን አውለበለበ። ወላጆች በጨዋነት አጨበጨቡ። አንዱ አባት አዛጋ፤ አየችው።

ከዚያ የ"ለ" ክፍል ልጆች የወረቀት ባርኔጣ ደፍተው፣ የውኃ ኮዳቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ወደ ግቢው ወጡ። ወላጆቹ ገና ሲያዩዋቸው ሳቁ፤ የፍቅር ሳቅ ነው። ሚስ ፍልቅልቅ ግራና ቀኝ እየሮጠች ባርኔጣ ታቀናለች። ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳለች፤ ሲሚንቶው ይፋጃል።

"ልጆች፣ ጥላችሁን ፈልጉ! ረዝሟል ወይስ አጥሯል?"

"አጥሯል!"

"ሲያጥርስ?"

"ጥላ ውስጥ እገባለሁ!"

አብዛኞቹ ግቢው ጥግ ወዳለው ትልቅ ዛፍ ሮጡ። አንዲት ልጅ በረንዳው ላይ የተቀመጠች አክስቷን እጇን ይዛ "ጥላሽን ዘርጊልኝ" ትላለች። መሀል ላይ ግን ሰባት ስምንት ባርኔጣዎች እዚያው በቆሙበት ቁጢጥ አሉ። ከወላጆቹ መሀል የሳቅ ማዕበል ተነሣ። "ኧረ ፀሐይ ላይ ጣደቻቸው!" አለ ያዛጋው አባት። የሚስ ፍልቅልቅ ፊት ቀላ፤ ዳይሬክተሯ ግንባሯን ቋጠረች። ሚስ ቆፍጠን ደስ አላት። ምን ይደበቃል፣ ደስ አላት፤ ከወራት ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

"ልጆች፣ ወደ ዛፉ! ወደ ዛፉ!" ሚስ ፍልቅልቅ አጨበጨበች።

ቁጢጥ ያሉት ቀና አሉ፤ ዛፉ ሥር ያሉ ጓደኞቻቸውን አዩ፤ ተጠራጠሩ። አንዱ ተነሣ፣ ሁለተኛው ተከተለው፤ ውር ውር እያሉ ሄዱ። መሀል ላይ አንዲት ባርኔጣ ብቻ ቀረች። ከባርኔጣዋ ሥር ሁለት የፀጉር ጆሮዎች ይታያሉ፤ አንደኛው ከሌላው ከፍ ብሏል።

ሌሎቹ ተጠራጥረው ነው የተነሡት። ሚጣን ግን ምን ያጠራጥራታል?

"ሚጣዬ፣ ነይ ወደ ዛፉ።"

"ገብቻለሁ እኮ።"

የግቢው ሰው በሳቅ ፈነዳ። ዛፉ ሥር ያሉት ልጆች ደግሞ፣ የራሳቸውን ረስተው፣ ጣታቸውን ቀሰሩባት። "ኤጭ! ሚጣ አታውቅም! ሚጣ አታውቅም!" ሚጣ ጉልበቷን ይበልጥ አቀፈች። የቀላው ማጅራቷ ላብ አውጥቷል፤ ጀርባዋ እየነፈረ ነው፤ አንገቷን ግን ቀና አላደረገችም፤ አንድ ነገሯ ከጥላዋ እንዳይወጣ።

ሚስ ፍልቅልቅ አጠገቧ ተንበረከከች።

"የኔ ቆንጆ፣ ይሄ የራስሽ ጥላ ነው። ከፀሐይ የሚያድነው የዛፉ ጥላ ነው። እንሂድ።"

"አይደለም።"

"ነው እንጂ፣ ሚጣዬ።"

"አይደለም! እማዬ ልክ ነሽ ብላኛለች።"

"እማዬ አላየችሽም ይሆናል…"

"አይታኛለች! አምፖሉ ሥር አሳየኋት፤ ጎበዝ ብላኛለች!" አሁን እያለቀሰች ነበር። "አንቺ ነሽ የማታውቂው! እማዬ ካንቺ ትበልጣለች! እማዬ አትሳሳትም!"

ይህን ቃል ሚስ ቆፍጠን ስንት ቀን ናፍቃው ነበር። እራት ላይ ጠብቃዋለች፣ ፀጉር ስትሠራ ጠብቃዋለች። እማዬ ካንቺ ትበልጣለች። ይኸው ተባለ፤ ከነወላጁ፣ ከነዳይሬክተሯ፣ በዚያችው ሴት ፊት። ልጇ እየተቃጠለች፣ እየተሳቀባት፣ ከመላው ዓለም ይልቅ እሷን አምና ቁጢጥ ብላለች።

ሚስ ፍልቅልቅ ከተንበረከከችበት ቀና ብላ አየቻት። የሚስ ፍልቅልቅን ፊት ያለ ፈገግታ ሚስ ቆፍጠን የዚያን ቀን ገና አየችው።

እንዴት ከበረንዳው እንደወረደች አታውቀውም። ሚጣ ፊት ሲሚንቶው ላይ ቁጢጥ አለች፤ በጫማዋ ሥር ሙቀቱ ተሰማት።

"ተነሽ የኔ እናት። ሚስ ናት ልክ።"

ሚጣ በዕንባ የራሰ ፊቷን አወጣች። "አንቺስ?"

"እኔ ዋሸሁሽ።"

"ሳታውቂ ነው?"

አዎ ብትል ያልቅ ነበር። ሳላውቅ ነው ብትላት ልጅቱ እቅፏ ውስጥ ትወድቅላት ነበር፤ እጆቿ ተዘርግተውም ነበር። ሚስ ፍልቅልቅ ግን አጠገባቸው ናት፤ ዓይኗን አልነቀለችም።

"እያወቅኩ ነው።"

"ለምን?"

"ቀንቼ።"

"በኔ?"

"በሚስሽ።"

ሚጣ ነገሩን ልታየው ሞከረች፤ አልገባትም፤ ግማሹ ግን ገብቷታል፤ እናቷ እያወቀች ነው የዋሸቻት። ተነሣች። ጉልበቷን አራገፈች፣ የተጣመመች ባርኔጣዋን አቃናች። ሚስ ፍልቅልቅ እጇን ዘረጋችላት፤ አልያዘችውም። የእናቷንም አልያዘችም። ብቻዋን ግቢውን አቋርጣ ዛፉ ሥር ሄደች፤ ልጆቹም ቦታ ለቀቁላት።

"እኔ ስጠይቅዎትም ያውቁ ነበር?" አለች ሚስ ፍልቅልቅ፣ ቀስ ብላ።

"አውቅ ነበር።"

"ደግ" አለች። ተነሥታ ወደ ወላጆቹ ዞረችና ድምፅዋን ከፍ አደረገች። "ጥፋቱ የኔ ነው። ጥላ ሲባል አንድ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ብዙ ነው። ልጆች፣ ኑ፣ ጥላ ስንት ዓይነት እንደሆነ እንቁጠር!" ከወላጆቹ መሀል የአክስትየዋን ጥላ ተዋሰች፣ ዛፉን አሳየች፣ በመጨረሻ እግሯ ሥር ያለውን ጥቁር ረገጠች። "ይሄኛው ከፀሐይ ያድናል?" "አያድንም!" ወላጆቹ ሞቅ አድርገው አጨበጨቡ። ሚስ ቆፍጠን አንዴም አላጨበጨበችም፤ ተነሥታ መሀል ግቢ ላይ ቆማ ቀረች። ዳይሬክተሯ ስታልፍ "ሰኞ ቢሮዬ ብቅ በይ" አለቻት፤ እሱ እንኳ አልከበዳትም።

ወደ ቤት ሲሄዱ ሚጣ እጇን ሰጠቻት፤ መንገድ ሲሻገሩ እጅ መስጠት ግዴታ ስለሆነ ነው። ከተሻገሩ በኋላ መልሳ ወሰደችው። ሚስ ቆፍጠን "ነገ ገበያ አብረን እንሄዳለን" አለቻት። "ፀጉርሽንም እንደፈለግሽው እሠራልሻለሁ" አለቻት፤ ሚጣ ድንጋይ እየመታች ሄደች። ማኩረፏ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ኩርፊያ ያልፋል። ሚጣ ግን ያኮረፈች አትመስልም፤ የምታስብ ነበር የምትመስለው።

ቤት ሲደርሱ አባትየው ጨርቅ ዘርግቶ በጠመኔ ያሰምራል። ምን እንደተፈጠረ አልሰማም። ሚጣ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የተቆረጡ ጨርቆች ትደረድር ጀመር። ሚስ ቆፍጠን ወጥ ቤት ገብታ ሾርባ ሠራች። ድንቹን ሚጣ እንደምትወደው በጣም ደቃቅ አድርጋ ከተፈችው። ሲበስል ከበሩ ላይ ብቅ አለች።

"ሚጣዬ፣ እጅሽን ታጠቢ፤ እራት ደርሷል።"

ሚጣ ከጨርቆቿ ቀና አለች። እናቷን ትንሽ አየቻት። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች።

"አባዬ፣ እውነት ደርሷል?"

አባትየው ሳቀ። "እኔ ምን አውቅልሻለሁ፣ ወጥ ቤት ያለችው እናትሽ…" ብሎ ሳይጨርስ የሚስቱን ፊት አየ። ሚጣ ግን ዓይኗን ከሱ ላይ አላነሣችም፤ መልሱን ከሱ ነው የምትጠብቀው። ሚስ ቆፍጠን በሩ ላይ እንደቆመች በገዛ ባሏ ቀናች።

ተመልሳ ገባች። ሾርባውን በሚጣ ሳህን ቀዳችው፤ እየተነነ በሁለት እጇ ይዛ መጣች፤ ልጇ አጠገብ ወለሉ ላይ ተንበርክካ አሳየቻት።

ሚጣ አጎንብሳ ሳህኑን ውስጡን አየችው።

"እሺ" አለች፤ እጇንም ልትታጠብ ሄደች።